ቦል ፓይተን ለማራባት ጥንድ መምረጥና የቀለም ዘረመል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘንዶ ማሳደግ አንድ ነገር ነው፣ ማራባት ደግሞ ሌላ። ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ ያለው ሰው አንድ ሁለት ዓመት ካሳደገ በኋላ «ይቺን ከየትኛው ጋር ባጣምራት ምን ዓይነት ልጅ ይወጣል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው ከቀለሙ ይጀምራል። እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነው፤ ከታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹን በራሴ ስህተት ነው የተማርኳቸው።

ወንድና ሴት አሉኝ። ላጣምራቸው?

ወንድና ሴት መሆናቸውን በምን አወቃችሁ? «የሸጠልኝ ሰው ነግሮኝ» ከሆነ ገና ነው። የቦል ፓይተን ጾታ በመልክ አይለይም። ከጅራቱ ሥር በቀጭን መሣሪያ ጥልቀቱን በመለካት፣ ወይም ገና በተፈለፈሉበት ሰሞን ጅራቱን ቀስ ብሎ በመጫን ነው የሚታወቀው። ሁለቱም ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋሉ፣ አለዚያ ጉዳት ያመጣሉ። ሴት ናት የተባለችው ወንድ ሆና ከተገኘች ሁለቱ ተጠምጥመው ሲታገሉ ታያላችሁ፤ ብዙ ጀማሪ ደግሞ ያንን ትግል መጣመር መስሎት ደስ ይለዋል።

ጾታው ከተረጋገጠ ሚዛን አውጡ። ሴቷ ቢያንስ 1,500 ግራም ገደማ መመዘንና 3 ዓመት ገደማ መሙላት አለባት። ወንዱ ዓመት ካለፈውና 600 ወይም 700 ግራም ከደረሰ ይበቃዋል። ለሴቷ ሁለቱ ቁጥሮች መነጣጠል የለባቸውም። በምግብ ብዛት ተነፍታ በ18 ወሯ 1,500 የገባች ሴት ወፍራለች እንጂ አልደረሰችም። እንቁላል ማዘጋጀት ቀልድ አይደለም፤ ለወራት ምግብ ልትተው ትችላለች፣ እንቁላሉን ስትጥል ደግሞ የክብደቷ ትልቅ ክፍል አብሮ ይሄዳል፣ ጀርባዋ ላይ አጥንቱ ወጥቶ ታዩታላችሁ። ያንን ሊሸከም የሚችል አካል ከሌላት ዓመቱን ዝለሉት። ዘንዶ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል፣ ምን አስቸኮላችሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ አስቡበት። ቦል ፓይተን በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 10 እንቁላል ትጥላለች፣ ብዙውን ጊዜ 6 አካባቢ። ስድስቱም ከተፈለፈሉ ስድስት የተለያየ ሣጥን፣ ስድስት ማሞቂያ፣ በየሳምንቱ ስድስት ምግብ ማለት ነው። ገዢ ካልመጣ የእናንተው ናቸው።

ጥንድ ስመርጥ መጀመሪያ ምን ልይ?

አፏን። ትበላለች ወይ? ቦል ፓይተን በምግብ ጣጣ የታወቀ እንስሳ ነው፤ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ሦስት አራት ወር ይጾማል። ለማራባት የምትፈልጉት ሳያስቸግር የሚበላውን ነው። ይህ ሁሉ በዘር ይተላለፋል ብዬ አልከራከርም፣ ግን በጎተራው ስብ የሌለው እንስሳ በእርባታ ወራት ቶሎ ይወድቃል።

ቀጥሎ አካሉን። አከርካሪውን ከአንገት እስከ ጅራት በጣታችሁ ዳብሱት፣ የተጣመመ ወይም የተቆለመመ ነገር መኖር የለበትም። ዓይኖቹ እኩል ናቸው? መንጋጋው ይገጥማል? ሲተነፍስ ድምፅ ያሰማል? ከአፉ ልጋግ ይወጣል? ቅማል መሰል ጥቃቅን ጥቁር ነገር ቅርፊቱ መሀል ወይም የውሃ ዕቃው ውስጥ ካያችሁ ንክኪ አታድርጉ፣ ማይት የሚባለው ተባይ ነው፣ ቤት ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

አዲስ የመጣ እንስሳ ለብቻው ክፍል ይቀመጥ። እኔ 90 ቀን አስቀምጣለሁ፤ ውሃውና መቆንጠጫው ሳይቀር ለየብቻ ነው። ኒዶ ቫይረስ የሚባል የመተንፈሻ በሽታ ፓይተኖች ላይ ክፉ ነው፤ ምልክት ሳያሳይ የተሸከመ እንስሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከአፍ በጥጥ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ይመረመራል። ማጣመር ማለት ሁለት እንስሳ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀን ያህል ተጣብቆ መዋል ነው። ከዚህ የበለጠ በሽታ የማስተላለፊያ መንገድ የለም።

ይህ ሁሉ ካለፈ ነው ወደ ቀለም የምትመጡት። እዚህ ላይ አንድ የግል ሕግ አለኝ፦ ሴቷን ለአካሏ፣ ወንዱን ለዘረመሉ ምረጡ። አንዲት ሴት በዓመት ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው የምትጥለው። አንድ ወንድ ግን በዚያው ወቅት ሦስት አራት ሴቶች ጋር ሊገባ ይችላል። ገንዘብ አጥታችሁ አንድ ብቻ ውድ እንስሳ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ወንድ ይሁን፤ የያዘው ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ልጅ ላይ ይደርሳል።

ሞርፍ ምንድነው?

በዘር የሚተላለፍ የቀለም ወይም የቆዳ ንድፍ ልዩነት ነው፣ በቃ። ዝርያው ያው አንድ ነው። በዱር፣ ጋናን፣ ቶጎንና ቤኒንን በመሰሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የሚገኘው ቦል ፓይተን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ፈዘዝ ያሉ ሰፋፊ ነጠብጣቦች አሉት። አርቢዎች «ኖርማል» የሚሉት ይሄንን ነው። አልፎ አልፎ ከዱር እንግዳ መልክ ያለው ይገኝ ነበር፤ አልቢኖው (ጥቁር ቀለም የሌለው) በ1992 በእርባታ ተፈትኖ በእርግጥም በዘር እንደሚተላለፍ ከታየ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዛሬ መሠረታዊዎቹ እርስ በርስ ተዳቅለው የተገኙት ጥምሮች በሺዎች ይቆጠራሉ፣ ስማቸውን ሁሉ ለማወቅ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ውርሳቸውን ማወቅ ይበቃል።

ሪሴሲቭ፣ ዶሚናንት፣ ኮዶሚናንት ሲሉ ግራ ይገባኛል። በቀላል አማርኛ?

እያንዳንዱ ዘንዶ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፦ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ልጅ ሲሠራ ከሁለቱ አንዱን ብቻ በዕጣ ይሰጣል። ይህን ካወቃችሁ የቀረው ሒሳብ ነው።

ሪሴሲቭ ማለት ድብቅ ነው። ቀለሙ እንዲታይ ሁለቱም ቅጂ ያስፈልጋል። አልቢኖ፣ ፓይቦልድ፣ ክላውን፣ አክሳንቲክ የሚባሉት ሞርፎች እዚህ ናቸው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ተራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይዞታል።

ዶሚናንት ከሆነ አንድ ቅጂ ይበቃል፣ ሁለት ቢሆንም መልኩ አይለወጥም። ፒንስትራይፕ እንደዚህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ነው አርቢዎችን ያሳበደው። አንድ ቅጂ ሲኖር አንድ መልክ፣ ሁለት ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መልክ። ሁለት ቅጂ ያለው «ሱፐር» ይባላል። ፓስቴል አንድ ቅጂ ሲሆን ቢጫው ደመቅ ይላል፣ ሱፐር ፓስቴል ሲሆን ደግሞ ጥቁሩ ይፈዝዛል። የሎው ቤሊ አንድ ቅጂ ሲሆን ጀማሪ ከተራው አይለየውም፤ ሁለት ሲሆን ግን አይቮሪ የሚባል ነጣ ያለ እንስሳ ነው። ፋየር ሁለት ቅጂ ሲሆን ጥቁር ዓይን ያለው ነጭ ዘንዶ ይሆናል። በመማሪያ መጽሐፍ ትክክለኛ ስሙ ጎደሎ ዶሚናንት ነው፣ አርቢዎች ግን ከድሮ ጀምሮ «ኮዶም» ይሉታል። ስትሰሙ አትከራከሩ፣ የሚሉት ይሄንኑ ነው።

«100 ከመቶ ሄት»፣ «66 ከመቶ ሄት» ሲባል ምን ማለት ነው? 66 ከመቶ ጂኑ አለው ማለት ነው?

አይደለም! ይቺ ጥያቄ በየጊዜው ትመጣለች፣ መምጣቷም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም አጻጻፉ ራሱ ያሳስታል። ሄት ማለት ድብቁን ጂን አንድ ቅጂ የተሸከመ ማለት ነው። አንድ እንስሳ ወይ ሄት ነው ወይ አይደለም። 66 ከመቶ ሄት የሚባል ፍጡር የለም። ቁጥሩ የሚለካው እንስሳውን ሳይሆን የኛን ጥርጣሬ ነው።

ክላውንን እንውሰድ። ክላውን ከተራ ጋር ስታጣምሩ፣ ክላውኑ ሁለቱም ቅጂው ክላውን ስለሆነ ሌላ የሚሰጠው ነገር የለውም። ልጆቹ በሙሉ ተራ ይመስላሉ፣ በሙሉም ሄት ናቸው። ይሄ ነው 100 ከመቶ።

አሁን ሁለት ሄት ተጣመሩ እንበል። እያንዳንዱ እንቁላል ከአራት ዕድል አንዱን ያገኛል፦ ከሁለቱም ክላውን፣ ከእናት ብቻ ክላውን፣ ከአባት ብቻ ክላውን፣ ከማንም ምንም። የመጀመሪያው ክላውን ሆኖ ይወጣልና በዓይን ትለዩታላችሁ። የቀሩት ሦስቱ ተራ ይመስላሉ፣ ሁለቱ ሄት ናቸው፣ አንዱ ባዶ። ሦስት ውስጥ ሁለት፣ ያ ነው 66 ከመቶ። ሄት ከተራ ጋር ሲጣመር ደግሞ ልጁ ወይ ያገኛል ወይ አያገኝም፣ ስለዚህ 50 ከመቶ።

ሄት ከክላውን ጋር ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው፦ ግማሹ ክላውን፣ ግማሹ 100 ከመቶ ሄት። ለጀማሪ ይሄ ጥምረት በጣም ይመቻል፣ ምክንያቱም ከልጆቹ መሀል «ምናልባት» የሚባል የለም።

ሻጩ «100 ከመቶ ሄት» ካለ እንዴት አምናለሁ?

በአፉ ብቻ አትመኑ። የወላጆቹን ፎቶ ጠይቁ፣ በተለይ ቀለሙ የሚታየውን ወላጅ። ተራ መልክ ያላት ሄት ሴትና ተራ መልክ ያላት ባዶ ሴት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንም አይለያቸውም። «ሆዷ ላይ ምልክት አለ» የሚላችሁ ይኖራል፣ ለአንዳንዱ ሞርፍ ጥቆማ የሚሆን ነገር አለ ይባላል፣ እኔ ግን በሱ ገንዘብ አላወጣም።

የራሴን ልንገራችሁ። 100 ከመቶ ሄት ክላውን የተባለች ጫጩት ሴት ገዛሁ። የወላጅ ፎቶ አልጠየቅኩም፤ ሰውየው ደግ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት ከምናምን አሳደግኳት፣ ክላውን ወንድ ገዛሁላት፣ 7 እንቁላል ጣለች። ሰባቱም ተራ። «ዕድሌ ነው» አልኩ። አንድ ዓመት አሳርፌ ደግሜ ሞከርኩ፣ 6 ተጨማሪ፣ ስድስቱም ተራ። በእርግጥ ሄት ብትሆን ኖሮ 13 እንቁላል በተከታታይ ተራ የመሆኑ ዕድል ከ8,192 አንድ ነው። አምስት ዓመት ገደማ በአንድ ወሬ አለቀ። ዘንዶዋ አሁንም ቤቴ አለች፣ እሷ ምን አጠፋች።

ዛሬ ይሄ ችግር በግማሽ ተፈቷል። ዘንዶው የጣለውን ቆዳ ቁራጭ ልካችሁ የታወቁትን ሞርፎች የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ደም አያስፈልግም፣ እንስሳውን መንካትም አያስፈልግም። ሁሉም ሞርፍ ምርመራ የለውም፣ ለክላውን፣ ለአልቢኖ፣ ለፓይቦልድ ግን ማግኘት ይቻላል። ውድ ሄት ከመግዛታችሁ በፊት «የቆዳ ምርመራ አለው?» በሉ። የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁለት ሄት አጣምሬ 6 እንቁላል አገኘሁ። ከአራት አንዱ ይወጣል ተብሎ አንድም አልወጣም። ተሸወድኩ?

የግድ አይደለም። እያንዳንዱ እንቁላል የራሱ ዕጣ ነው። ሳንቲም ስትወረውሩ ሦስት ጊዜ ዘውድ ስለወጣ አራተኛው ጎፈር መሆን የለበትም፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። እንቁላልም እንደዚያው ነው። ለ6 እንቁላል፣ እያንዳንዱ ከአራት አንድ ዕድል ካለው፣ ጭራሽ አንድም ላይወጣ የሚችልበት ዕድል 18 ከመቶ ገደማ ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት አርቢ አንዱ ባዶ እጁን ይቀራል ማለት ነው፣ ማንም ሳያታልለው። በተቃራኒው ከስድስት አራት ያገኘ ሰው ታያላችሁ፣ ፎቶ የሚለጥፈው ደግሞ እሱ ነው።

ሁለት ድብቅ ጂን አንድ ላይ ስትፈልጉ ነገሩ ይከብዳል። ለምሳሌ አልቢኖም ክላውንም የሆነ ልጅ ከሁለቱም ሄት ከሆኑ ሁለት ወላጆች ብትጠብቁ፣ ለአንድ እንቁላል ያለው ዕድል ከ16 አንድ ነው። ከ6 እንቁላል ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ 32 ከመቶ ገደማ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በቀጥታ አይሄድም። አንድ ትውልድ ይጨምራል፦ መጀመሪያ አልቢኖ የሆነና ክላውን ሄት የሆነ ልጅ ያወጣል፣ ከዚያ እሱን ክላውን ከሆነችና አልቢኖ ሄት ከሆነች ጋር ያጣምራል። አሁን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሦስት ዓመት መጠበቅ ያማል፣ ግን ከ16 አንዱን በየዓመቱ መጠበቅ የበለጠ ያማል።

ሞሃቬ ከሌሰር ጋር አጣምሬ ነጭ ዘንዶ ወጣ! ከየት መጣ?

እንኳን ደስ ያላችሁ። ሰማያዊ ዓይን ያለው ነጭ ዘንዶ ነው፣ ሉሲስቲክ ይሉታል። ሞሃቬ፣ ሌሰር፣ በተር፣ ፋንተም፣ ሚስቲክ፣ ሩሶ የሚባሉት ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንዱ ጂን የተለያዩ ገጽታዎች ናቸው። አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ስድስት ሰዎች አድርጋችሁ አስቡት፣ ዘንዶው ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ሁለቱ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የተጠጋ ልጅ ይወጣል። የነጩ ጥራት እንደ ጥምሩ ይለያል፤ ሁለት ሞሃቬ ከሆነ ጭንቅላቱ ግራጫ ጥላ ይይዛል፣ ሞሃቬና ሌሰር ከሆነ ንጹሕ ነጭ ይቀርባል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ያ ነጭ ዘንዶ ሲወልድ ለእያንዳንዱ ልጅ ወይ ሞሃቬ ወይ ሌሰር ይሰጣል፣ ሁለቱንም አይሰጥም፣ ሁለቱንም አይነሳም። ከተራ ሴት ጋር ብታጣምሩት አንድም ነጭ ልጅ አይወጣም፣ አንድም ተራ ልጅም አይወጣም።

የዚህ ተቃራኒ ወጥመድም አለ። መልካቸው አንድ ሆኖ ጂናቸው ሌላ የሆኑ አሉ። አልቢኖና ላቬንደር አልቢኖ ሁለቱም ጥቁር ቀለም የላቸውም፣ ዓይናቸውም ቀይ ነው። አጣምሯቸው፣ ልጆቹ በሙሉ ተራ ሆነው ይወጣሉ! ምክንያቱ አልቢኖው የተበላሸበት ሜላኒን የሚሠራው የታይሮሲኔዝ ጂን ነው፣ የላቬንደሩ ግን ሌላ ጂን ነው፤ እያንዳንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። አክሳንቲክም እንደዚሁ የተለያዩ የዘር መስመሮች አሉት፣ የአንዱን መስመር ከሌላው ጋር ማጣመር ተራ መልክ ያለው ልጅ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ «አክሳንቲክ ነው» ብቻ አይበቃም፣ የየትኛው መስመር እንደሆነ ጠይቁ። ካንዲና አልቢኖ ደግሞ ስማቸው ሳይገናኝ ያው አንድ ጂን ላይ ናቸው፣ ተጣምረው በመሀል ያለ መልክ ይሰጣሉ።

ስፓይደር በጣም ቆንጆ ነው። ላራባው?

ቆንጆ ነው፣ አልክድም። አታራቡት።

ስፓይደር አንድ ቅጂ ሲኖረው የሚታይ ሞርፍ ነው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት ተዳቅሏል። ከቀለሙ ጋር አብሮት የሚመጣ ነገር አለ፦ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ወደ ላይ ያያል፣ ምግብ ሲነክስ ይስታል፣ ሲጨነቅ ይብሳል። ለዓመታት «የኔ መስመር ንጹሕ ነው፣ አይወዛወዝም» የሚል አርቢ ነበር። እውነታው፣ ሁሉም ስፓይደር በመጠኑ አለበት፤ አንዳንዱ በጭንቅ ያስታውቃል፣ አንዳንዱ መብላት እንኳ ይቸግረዋል። ቀላል ከሆነበት ወላጅ ከባድ የሆነበት ልጅ ይወጣል። በ2022 የወጣ ጥናት የስፓይደሮችን ጭንቅላት በኤክስሬይ ስካን መርምሮ የውስጥ ጆሮአቸው፣ ማለትም ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል፣ የተዛባ ቅርጽ እንዳለው አሳይቷል። ጉዳዩ ከአያያዝ ወይም ከሙቀት ጋር አይገናኝም፣ ከቀለሙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ይዞ መወዛወዙን መጣል አይቻልም፤ ተሞክሯል።

በስም እንዳትታለሉ ደግሞ። ባምብልቢ ማለት ፓስቴልና ስፓይደር ነው። ስፒነር ማለት ስፓይደርና ፒንስትራይፕ። መጨረሻው «ቢ» የሚል ስም ስትሰሙ ውስጡ ስፓይደር መኖሩን ጠርጥሩ።

ቤታችሁ ያለውን ስፓይደር ግን አትጣሉት። ጸጥ ባለ ቦታ ተንከባክባችሁ አኑሩት፣ ለብዙ ዓመት በደህና ሊኖር ይችላል። የምለው ልጅ አትጨምሩ ነው።

ሌሎች የምሸሻቸው ጥምሮች አሉ?

አሉ። ሻምፓኝና ዎማም ይወዛወዛሉ። ሻምፓኝ ከሻምፓኝ፣ ሻምፓኝ ከስፓይደር ማጣመር ደግሞ በሕይወት የማይቆይ ልጅ ስለሚያስከትል በፍጹም። ሁለት ሲናሞን፣ ሁለት ብላክ ፓስቴል ወይም አንዱን ከሌላው ጋር ማጣመር በጣም ጥቁር የሆነ የሚያምር ዘንዶ ያስገኛል፣ ነገር ግን አከርካሪው የተጣመመና አፍንጫው እንደ ዳክዬ የተደፈጠጠ ልጅ በብዛት ይመጣል። ሁለት ሌሰር ከተገናኙ ዓይኑ የፈጠጠ ነጭ ሊወጣ ይችላል፤ ነጭ ከፈለጋችሁ በሞሃቬ በኩል ሂዱ። ካራሜል አልቢኖ ላይ የአከርካሪ መጣመም የታወቀ ነው። ዴዘርት የሚባለው ሞርፍ ወንዱ ደህና ነው፣ ሴቶቹ ግን እንቁላል መጣል ላይ ችግር አለባቸው፣ እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶ የሞቱ አሉ። ዴዘርት ወንድ ስታራቡ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ዴዘርት ልጆቻችሁ እንደዚህ ያሉ ሴቶች እንደሚሆኑ አስቡ።

ባናና ወንድ አለኝ። ባናና ልጆቹ ሁሉ ወንድ የሆኑት ለምንድነው?

ይሄ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። የባናና ጂን ጾታን በሚወስኑት ክሮሞሶሞች ላይ ነው ያለው። ለረጅም ጊዜ እባቦች ሁሉ እንደ ዶሮ ናቸው፣ ጾታውን የምትወስነው እናት ናት ተብሎ ይታመን ነበር። የባናና ውርስ ግን ከዚህ ጋር አልገጥም አለ፤ አርቢዎች በየጓዳቸው ወንዱ ነው የሚወስነው የሚመስል ነገር ያዩ ነበር። በ2017 ተመራማሪዎች ፓይተንና ቦአ እንደ ሰው ኤክስና ዋይ የሚባሉ የጾታ ክሮሞሶሞች እንዳሏቸው አሳዩ። አርቢዎቹ ያዩት ልክ ነበር።

ስለዚህ ባናና ወንዳችሁ ጂኑን ከአባቱ ከወሰደ ዋዩ ላይ ተቀምጧል፣ ዋይ ደግሞ የሚሄደው ለወንድ ልጅ ነው፤ ባናና ልጆቹ አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ። ከእናቱ ከወሰደ ኤክሱ ላይ ነው፣ ባናና ልጆቹ አብዛኞቹ ሴቶች ይሆናሉ። «አብዛኞቹ» ያልኩት ክሮሞሶሞቹ አንዳንዴ ቁራጭ ስለሚለዋወጡ ነው፣ አልፎ አልፎ ከሕጉ የወጣ ይመጣል። ባናና ሴት ግን ሁለቱም ኤክስ ስለሆነ ለሁለቱም ጾታ እኩል ታካፍላለች። ባናና ወንድ ስትገዙ «ባናናው እናቱ ናት ወይስ አባቱ?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ወንድምና እህት ማጣመር ይቻላል?

ይቻላል፣ ይወልዳሉም። ብዙዎቹ ሪሴሲቭ ሞርፎች መጀመሪያ የተባዙት ልጅን ከወላጅ ጋር መልሶ በማጣመር ነው፣ ያኔ በዓለም ላይ አንድ እንስሳ ብቻ ስለነበረ ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን ያ ምክንያት የለም። ዝምድና ሲደራረብ የተደበቀ ጥሩ ቀለም ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ የተደበቀ ጉድም አብሮ ይወጣል። ካደረጋችሁት አንድ ጊዜ ይሁን፣ ቀጣዩ ትውልድ ከማይዛመድ እንስሳ ጋር ይጣመር፣ ለገዢም ንገሩ።

የማጣመሩ ሂደት ራሱ እንዴት ነው?

በአጭሩ፦ ወንዱን ወደ ሴቷ ቤት ታስገባላችሁ፣ ከተጣበቁ ትተዋቸዋላችሁ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ታወጡትና ታሳርፉታላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ትደግማላችሁ። ለወራት ነው። ሴቷ ወገቧ ለአንድ ቀን ያህል ኳስ የዋጠች ያህል ካበጠ እንቁላሉ ወርዷል። ከዚያ ቆዳዋን ትጥላለች፤ ከዚያ ቆዳ በኋላ ወር ገደማ ቆጥራችሁ እንቁላል ጠብቁ። ኢንኩቤተሩን (የእንቁላል ማሞቂያ ሣጥኑን) ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጉት፣ እንቁላሉን ስታነሡ አትገልብጡት፣ 55 ወይም 60 ቀን ታገሡ።

ሴቴን ካለፈው ዓመት ወዲህ ከወንድ ጋር አላገናኘኋትም፣ እንቁላል ጣለች። እንዴት ይሆናል?

ሴት ዘንዶ የወንዱን ዘር ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ማቆየት ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ለዚህም ነው ባለፈው ዓመት ከሌላ ወንድ ጋር የነበረች ሴት ልጆች አባታቸው ማን እንደሆነ ስትጽፉ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፤ የዘንድሮው ወንድ ሊሰጠው የማይችል ቀለም ከወጣ ያለፈውን ዓመት ጠርጥሩ፣ የሄቱንም መለያ በዚያው አስተካክሉ።

አልፎ አልፎ ግን ጭራሽ ያለ ወንድም ይሆናል። በ2020 ሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት ውስጥ ቢያንስ 15 ዓመት ወንድ ያላየች፣ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈ ቦል ፓይተን 7 እንቁላል ጥላ ዓለምን አስገርማ ነበር። እንዲህ ዓይነት እንቁላል ካጋጠማችሁና ጫጩት ከወጣበት የአባት መስመሩን ባዶ ተዉት። የጫጩቶቹን ቆዳ አስመርምሩና በእናቲቱ ላይ የማታውቁትን ድብቅ ጂን ልታገኙ ትችላላችሁ።